26 ሰዓት፦ ለልጃችን ክብደት ከአንድ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ያገኘነው አገልግሎት

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለ አንድ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ክብደታቸው ለዕድሜያቸውና ለቁመታቸው ለበዛባቸው ልጆች የሚሰጠውን አገልግሎት ከቤተሰቤ ጋር ለአሥር ወራት ተከታትያለሁ። እኔ በየሰው ቤት እየሄድኩ አረጋውያንን እንከባከባለሁ፤ ባለቤቴ መኪና እየነዳ ሰው ያመላልሳል፤ ሦስት ልጆች አሉን፤ ሕክምናቸው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች መንግሥት በሚሰጠው የጤና መድን በሜዲኬይድ፣ የምግባችን ከፊሉ ደግሞ በመንግሥት የምግብ መግዣ ድጋፍ በፉድ ስታምፕ ይሸፈናል። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠቅስም፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ጉድለቶች የዚያ ቤት ብቻ አይመስሉኝም። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ሕክምናው ጥሩ ነው፣ ልጄንም ጠቅሞታል፤ የታዘዘልን የ26 ሰዓት አደላደል ግን በእኛ ዓይነት ቤተሰብ ልክ አልተሰፋም።

ነገሩ የጀመረው ከልጁ አንገት ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ማጅራት ለወራት እየጠቆረና እየሻከረ ሲሄድ በደንብ አይታጠብም ብዬ ደመደምኩ፤ ቅዳሜ ማታ ማታ በሳሙናና በሻካራ ፎጣ፣ አንዳንዴም በሎሚ፣ ቆዳው እስኪቀላ ድረስ እፈትገው ነበር፤ እሱም ያለቅሳል፣ እኔም እቆጣለሁ። በዓመታዊው ምርመራ ቀን የሕፃናት ሐኪማችን የሸሚዙን ኮሌታ ገለጥ አድርገው ቦታውን በጣታቸው ዳሰሱና ይህ እድፍ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ኢንሱሊን በሚገባ መታዘዝ ሲያቅተው ቆሽት ኢንሱሊኑን አብዝቶ ያመነጫል፤ ያ ሲበዛ በማጅራት፣ በብብትና በመተጣጠፊያ ቦታዎች ላይ ቆዳው ይወፍራል፣ ይጠቁራልም። ያን ሁሉ ቅዳሜ የፈተግሁት የበሽታ ምልክት መሆኑን ስሰማ የምገባበት ጠፋኝ። ሐኪማችን ግን አልወቀሱኝም፤ ብዙ እናቶች እንደዚሁ እንደሚያደርጉ ነግረው በቀጥታ ወደ ምርመራው አለፉ። ይህን እዚህ የምጽፈው በሐበሻ ልጅ ቆዳ ላይ ይህ ምልክት በቀላሉ ከእድፍ ጋር ስለሚምታታ፣ የሚያነብ ወላጅ ዛሬውኑ የልጁን ኮሌታ ገለጥ አድርጎ እንዲያይ ብዬ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የትርጉም ስሕተት ነው። በስልክ የተገናኘን አስተርጓሚ «ልጅዎ 97 በመቶ ወፍሯል» አለኝ። ከሰውነቱ መቶ እጅ 97ቱ ስብ ነው ማለት ይሆን ብዬ ወንበሬን ጨበጥሁ። ሐኪማችን ፊቴን አይተው ቆም አሉ፤ ወረቀት አንሥተው በእድሜ እኩዮቹ የሆኑ 100 ወንዶች ልጆች ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ተመዛዝኖ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ቢሰለፉ የእኔ ልጅ 97ኛው ቦታ ላይ እንደሚቆም በሥዕል አሳዩኝ። ፐርሰንታይል የሚሉት ይህንኑ ተራ ነው። ከ85ኛው እስከ 95ኛው ያለው ልጅ ክብደቱ በዝቷል ይባላል፤ 95ኛውንና ከዚያ በላይ ያለው ከመጠን ያለፈ ውፍረት አለበት ይባላል። ሰልፉ የተሠራው ከአሥርት ዓመታት በፊት አሜሪካ ውስጥ ከተለኩ ልጆች ስለሆነ፣ ዛሬ ከ95ኛው መስመር በላይ የሚገኙት ልጆች ከመቶ አምስት ብቻ ሳይሆኑ እጅግ የበዙ ናቸው። አንድ ቃል በተሳሳተ ትርጉም ስትመጣ አንዲት እናት ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ ልታድር እንደምትችል ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ወረቀቱ ባይወጣ ኖሮ እኔም አልተኛም ነበር።

ቁጥሩን ካነሣሁ አይቀር፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 በተሰበሰበ መረጃ ከ2 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች 19.7 በመቶው፣ ማለትም 14.7 ሚሊዮን ያህሉ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት እንዳለባቸው አስታውቋል። በገቢ ሲከፋፈል ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ልጆች ዘንድ 25.8 በመቶ ሲሆን፣ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ዘንድ 11.5 በመቶ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ድሀው በሚሄድበት በር መገኘቱ ትክክል ነው። እነዚህ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች በ1965 ሲጀመሩ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩት ዶክተር ጃክ ጋይገር በደቡብ አፍሪካ ፎሌላ የተባለ የገጠር ጤና ጣቢያን አሠራር አይተው የተመለሱ ሰው ነበሩ፤ በሚሲሲፒ ማውንድ ባዩ በተከፈተው ጣቢያ በረሀብ የተጎዱ ልጆች ሲመጡ ምግብ በመድኃኒት ማዘዣ ላይ ይጽፉ ነበር፣ ባለሱቆቹም ምግቡን ሰጥተው ሒሳቡን ወደ ጣቢያው መድኃኒት ቤት ይልኩ ነበር። በዚያ ዘመን በድሀ ልጅ ላይ የሚታየው መክሳት ነበር፤ ዛሬ ርካሹ ምግብ ስኳርና ቅባት የበዛበት ሆኖ ድህነቱ በልጁ ላይ በውፍረት መልክ ይታያል። ምግብን ከሕክምና ሳይለዩ የማየት ልማድ ግን በእነዚህ ጣቢያዎች ዛሬም አለ፤ ከአገልግሎቱ ይበልጥ የወደድኩትም ይህንኑ ነው።

ስለ ሐኪሟ አነጋገር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለእኔ ከማስረዳታቸው በፊት ወደ ልጁ ዞረው፣ ስለ ክብደቱ ቢነጋገሩ ፈቃዱ እንደሆነ ጠየቁት። እኛ ባደግንበት ቤት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ሰውነት ፈቃድ አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ልጁ ግን እስከዚያ ድረስ ወለሉን ይመለከት የነበረው ቀና አለና «እሺ፣ ግን እናቴ እንዳታለቅስ» አላቸው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ሁሉ ልጁ ወደዚያ ክፍል ለመግባት አንድም ቀን አላንገራገረም። ለስኳር፣ ለኮሌስትሮልና ለጉበት የሚደረገውን የደም ምርመራ አዘዙ፤ ውጤቱ ሲመጣ የስኳሩ ልክ በወሰኑ ጠርዝ ላይ ነበር፣ ጉበቱ ደህና ነበር። ባለቤቴ ሰው ሁሉ ስለሚያወራለት ስለ ዊጎቪ፣ ስለ ክብደት መቀነሻው መርፌ፣ ሲጠይቃቸው፣ መድኃኒቱ ለልጆች የተፈቀደው ከ12 ዓመት ጀምሮ መሆኑን፣ ለዚያም ዕድሜ ቢሆን የሚሰጠው ከአመጋገብና ከአኗኗር ለውጥ ጋር እንጂ በምትኩ እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዱት።

የሕክምናው እምብርት ርእሱ ላይ የጻፍኩት ቁጥር ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2023 ባወጣው መመሪያ «ጥቂት ጠብቀን እንይ» የሚለውን አካሄድ ትቶ፣ ቤተሰቡን በሙሉ የሚያሳትፍና ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት ፊት ለፊት የሚሰጥ ድጋፍ እንዲደረግ አሳስቧል፤ የአገሪቱ የመከላከል ሕክምና አማካሪ ቡድንም ከ6 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች በ2017 እና በ2024 ይህንኑ 26 ሰዓት መክሯል። ሐኪማችን ሰዓቱን እንደ መድኃኒት መጠን እንድናየው ነገሩን፤ ለአሥር ቀን የታዘዘ ፀረ ተሕዋስያን በአራተኛው ቀን ቢቋረጥ ውጤቱን እንደማይሰጥ ሁሉ፣ አንድ ጊዜ ለሃያ ደቂቃ ምክር ሰምቶ መሄድም ልጅን አይለውጥም። የእኛ ጣቢያ 26ቱን ሰዓት የከፈለው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጁ 12 የቡድን ምሽቶች፣ በድምሩ 18 ሰዓት፤ ከሥነ ምግብ ባለሙያዋና ከሐኪሟ ጋር እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት የሚፈጁ 8 የግል ቀጠሮዎች፣ በድምሩ 8 ሰዓት። በወረቀት ላይ ሲታይ ሒሳቡ የተሟላ ነው።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋን ሥራ በዝርዝር ልናገር፣ ምክንያቱም የለወጠን እሱ ነው። የመጀመሪያውን ቀጠሮ አንድም ምክር ሳትሰጥ ልጁ ከነቃበት እስከሚተኛበት ድረስ ምን እንደሚያደርግ በመጠየቅ ጨረሰችው። እኔ ሥራ ከመግባቴ በፊት በ12 ሰዓት ተኩል እንቁላል በዳቦ፣ ወይም ፍርፍር አብልቼው እወጣለሁ፤ ትምህርት ቤት ሲደርስ ደግሞ ለሁሉም ተማሪ በነጻ የሚቀርብ ቁርስ አለ፤ እሱም ጓደኞቹ ሲበሉ ቆሞ አያይም፤ ጣፋጭ የቁርስ እህልና የቸኮሌት ወተት ይጨምርበታል። ከትምህርት በኋላ በሚቆይበት ፕሮግራም መክሰስ ይሰጡታል፤ ቤት ሲገባም አያቱ ሳይበላ የዋለ መስሏቸው ያበሉታል። ይህን ሁሉ ባንድ ወረቀት ላይ ስታሰፍረው ልጄ ሁለት ቁርስና ሁለት መክሰስ እየበላ መዋሉን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ማንም ሆዳም አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሰው እሱ ብቻ የሚያበላው እየመሰለው ያበላው ነበር። መፍትሔው አንዱን ቁርስ መምረጥ ሆነ፤ እኛም የትምህርት ቤቱን መረጥን፤ የቸኮሌቱ ወተት በተራው ወተት ተተካ፤ እኔም ጠዋት ሃያ ደቂቃ አተረፍኩ። ለሚሠራ ወላጅ ይህን የመሰለ፣ ገንዘብ የማይጠይቅና ጊዜ የሚመልስ ምክር ከማንም አልሰማሁም ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ የጁስ ነገር ተነሣ። ለሦስት ዓመቷ ልጃችን በዊክ፣ ማለትም መንግሥት ለእናቶችና ለሕፃናት በሚሰጠው የምግብ ድጋፍ፣ የምንወስደው ጁስ ነበር፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ ግን የሁሉም ይሆናል። ለስላሳ መጠጥ ቤታችን ስለማይገባ ራሴን ጠንቃቃ አድርጌ እቆጥር ነበር። ባለሙያዋ ባዶ የኮካ ኮላ ቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ አቁማ ከጎኑ በሻይ ማንኪያ ስኳር እየሰፈረች ቆጠረች፤ በ12 አውንሱ ውስጥ ያለው 39 ግራም ስኳር አሥር ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ከዚያም እኔ ካመጣሁት የፖም ጁስ ጠርሙስ ጀርባ ያለውን ቁጥር አንብቤ ለዚያው 12 አውንስ እንዳሰላው ጠየቀችኝ፤ ከኮካው ብዙም አይርቅም። የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ7 ዓመት ጀምሮ ላለ ልጅ ቢበዛ 8 አውንስ በቀን፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ደግሞ 4 አውንስ ብቻ እንደሚፈቅድ የነገረችኝም ያኔ ነው። ዊክ ራሱ በ2024 ባወጣው ደንብ የጁሱን መጠን ቀንሷል። እኛ በቤት ያደረግነው ጁሱን ለታናሿ በትንሿ የቡና ስኒ መስፈርና ለሌሎቹ ውኃ በጠርሙስ ማቀዝቀዝ ብቻ ነው፤ ያለ ጠብ አልሆነም፤ ሁለት ሳምንት ያህል የማቀዝቀዣው በር በተከፈተ ቁጥር ክርክር ነበር።

በምግባችን ላይ ግን መጀመሪያ አልተግባባንም። ባለሙያዋ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው የሳሕን ሥዕል ነው፤ ግማሹ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሩቡ እህል፣ ሩቡ ሥጋ ወይም ጥራጥሬ። እኛ ግን የየራሳችን ሳሕን የለንም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ከአንድ ትሪ ይበላል፤ ወጡ ሲያልቅ ወጥ ይጨመራል፣ እንጀራው ሲያልቅ እንጀራ ይጨመራል፤ ልጁ ምን ያህል እንደበላ ከመካከላችን የሚያውቅ የለም። ይህን ስነግራት ሥዕሏን አልጫነችብኝም፤ የትሪያችንን ፎቶ አንሥቼ እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለት ፎቶ ይዤ ሄድኩ፣ አንዱ የፍስክ፣ አንዱ የጾም። የጾሙን ባየች ጊዜ ጎመኑን፣ ጥቅል ጎመኑን፣ ፎሶሊያውን፣ ምስሩንና ሰላጣውን በጣቷ እየቆጠረች ይህ ትሪ ከግድግዳው ሥዕል ጋር እንደሚስማማ፣ ለውጥ የሚያስፈልገው የእንጀራው ብዛትና ዘይቱ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። በዓመት ውስጥ ብዙ ቀን የምንጾም ሰዎች ስለሆንን ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ለልጄ ጤና ብዬ የባዕድ ምግብ መማር አላስፈለገኝም።

ዘይቱን በዓይን ግምት ነበር የማፈሰው። በእሷ ምክር አንድ ቀን የምስር ወጥ ስሠራ መጀመሪያ በሾርባ ማንኪያ እየሰፈርሁ ወደ ብርጭቆ አስገባሁ፤ 15 ማንኪያ ሆነ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውኃ ጠብ እያደረግሁ በደረቁ አብስዬ ዘይቱን ወደ መጨረሻ በመጨመር አሁን ከ5 ማንኪያ በላይ አልጠቀምም፤ ወጡም አልተበላሸም፣ በቤታችን ማንም ልዩነቱን አላነሣም። ልጆች የሚሻሙበት ከወጡ ሥር ያለው የራሰ እንጀራም ያን ዘይት ሁሉ የጠጣ ስለነበር እሱም በዚያው ተቃለለ። ጤፉን ግን ባለሙያዋ ወደደችው፤ ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ከነገለባው የሚፈጭ ሙሉ እህል ነውና፣ የምቀላቅልበትን የስንዴ ዱቄት መጠን እንድቀንስ ብቻ መከረችኝ። የጤፍ ዋጋ እዚህ ምን ያህል እንደሆነ ግን ለእሷ ማስረዳት ነበረብኝ።

ከባዱ ነገር አማቴ ነበሩ፤ ይህን የምለው በሙሉ አክብሮት ነው። ከደሴ ሊጠይቁን መጥተው ከእኛ ጋር የሰነበቱ ሲሆን፣ በ77ቱ ድርቅ ወሎ ላይ ያዩትን ያዩ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ጉንጩ የሞላ ልጅ ማለት ቤቱ ሰላም መሆኑን የሚያሳይ ነው፤ «ልጄን አታስርቡብኝ» ሲሉኝ የሚናገሩት ከዚያ ዘመን ነበር። ልጁ ጠገብሁ ብሎ እጁን ሊታጠብ ሲነሣ ጠርተው ያጎርሱታል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል፣ ሦስተኛውም አይቀርም። ባለሙያዋ አማቴን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዣቸው እንድመጣ ጠየቀችኝ። በዚያ ቀን በአካል የመጣች ጥሩ አስተርጓሚ ነበረች፤ «እማማ» እያለች በወጉ ነው ያነጋገረቻቸው። ስለ ውፍረት ምንም ሳይነሣ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ልጅነታቸው ምግብ ጠየቋቸው። በመጨረሻ ባለሙያዋ ያቀረበችው ሐሳብ ጉርሻው እንዲቀር ሳይሆን ጊዜው እንዲለወጥ ነው፤ አያት የሚያጎርሱት ልጁ ከጠገበ በኋላ መሆኑ ቀርቶ ገበታው ሲቀርብ፣ የመጀመሪያው ጉርሻም ከጎመኑ እንዲሆን። አማቴ ተስማሙ። ጎመን የሚባል ነገር የማይነካ ልጅ ከአያቱ እጅ ሲሆን ይጎርሰው ጀመር። ይህን ያሰበች ባለሙያ ባህላችንን አስቀድማ አታውቅም ነበር፤ ጠይቃ የሰማችውን ነው ወደ ሕክምና የለወጠችው። ለዚህ አገልግሎት ከምሰጠው ምስጋና ትልቁ ድርሻ የእሷ ነው።

የቡድኑ ምሽቶች የተለያየ መልክ ነበራቸው። አሥር ያህል ቤተሰብ፣ አብዛኛው ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ በአንድ አዳራሽ እንሰበሰባለን፤ ልጆቹ ከአንድ አሠልጣኝ ጋር ሲዘሉ ወላጆች ይወያያሉ። የአንድ ሰዓት እንቅስቃሴ፣ ከሁለት ሰዓት ያልበለጠ ስክሪን፣ ለዚያ ዕድሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ፤ እነዚህን አብዛኞቻችን ሰምተናቸው ነበር። አዲስ የነበረው ስክሪኑ ለምን እንደበዛ ሁላችንም ስንናገር ነው፤ ወላጆች በሥራ ላይ ሲሆኑ ልጅ በሩን ዘግቶ አፓርትመንት ውስጥ እንዲቀመጥ የሚታዘዘው ለደኅንነቱ ነው። ከዚያ ውይይት የተነሣ ሦስት ቤተሰቦች ተቀናጅተን፣ ቅዳሜና እሁድ ከፊሉ ለመኪና በሚዘጋው በስላይጎ ክሪክ መንገድ ላይ ልጆቹን በየተራ ማስሮጥ ጀመርን፤ አንዱ ወላጅ የሁሉንም ልጆች ይይዛል፣ ሌሎቹ ሥራቸውን ይሠራሉ። ልጄ ብስክሌት የለመደው እዚያ ነው።

በቋንቋ በኩል ግን ምሽቶቹ ለእኛ ደከሙ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ምሽቶች የአማርኛ አስተርጓሚ በአካል ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ድምፁን ከፍ አደረጉልኝ፤ ሃያ ልጅ በሚጮህበት አዳራሽ ውስጥ ከስልኩ የሚወጣውን ቃል መለየት አይቻልም። አንድ ቀን ደግሞ በመቀበያው የነበረች ሠራተኛ አስተርጓሚ እስኪገኝ የ13 ዓመት ሴት ልጄ እንድታስተረጉም ጠየቀቻት። ልጅቷ ስለ ወንድሟ የተባለውን ሁሉ ሰማች፤ በዚያው ሳምንት ሲጣሉ በእንግሊዝኛ የሰማችውን ቃል መልሳ ወረወረችበት፤ እሱም ለሁለት ቀን ከእኛ ጋር ገበታ አልቀረበም። ከአገልግሎቱ ይበልጥ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ ቅሬታዬንም በጽሑፍ አስገብቻለሁ። በ2010 በወጣው የጤና ሕግ ላይ የተመሠረተው ደንብ፣ አስቸኳይ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግን ይከለክላል፤ ለወላጁም ያለ ክፍያ ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ያዛል። በዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ በ2004 በወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ መሆኑን እወቁ። ኃላፊዋ ይቅርታ ጠይቃኛለች፤ ከዚያ ወዲህ ልጄን ማንም አላስተረጎማትም።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ከታዘዘልን 26 ሰዓት ያገኘነው 19 ነው። ከ12ቱ የቡድን ምሽቶች 8ቱን ተገኘን፤ ሁለቱ እኔ የማታ ተረኛ በሆንኩበት ቀን ዋሉ፣ አንዱ ባለቤቴ ከአውሮፕላን ማረፊያ በሰዓቱ መመለስ ባለመቻሉ አለፈ፣ አራተኛው ከቤት ወጥተን አውቶቡስ ከተሳፈርን በኋላ በስልክ መልእክት ተሰረዘ። ከግል ቀጠሮዎቹም አንዱን በሥራ ምክንያት ሳልሄድ ቀረሁ፤ የቀረሁበትን አንድ ሰዓት ለማስተካከል ስደውል ባለሙያዋ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለምትሠራ ምትክ ቀን ያገኘሁት ከሰባት ሳምንት በኋላ ነበር፣ ፕሮግራሙም እስከዚያ አለቀ። ሪፈራሉ ከተጻፈልን ጀምሮ የመጀመሪያው ምሽት እስኪደርስ 11 ሳምንት መጠበቃችንንም ልጨምር። የምሠራበት ቤት አሮጊት ጥያቸው የምወጣ ሰው አይደሉም፤ አንድ ሰዓት ብቀር የአንድ ሰዓት ደመወዝ አጣለሁ። እነዚህ 26 ሰዓቶች በእኛ ላይ ከመንገዱ ጋር 50 ሰዓት ያህል ይሆናሉ። ይህን ሐኪሞቹ አያውቁም አልልም፤ የምሽት ሰዓት የመረጡትም ለእኛ አስበው ነው። ነገር ግን ማታ የሚሠራው ብዙው ሰው ይኸው ድሀው ነው። የቅዳሜ ጠዋት ምርጫ ቢኖር፣ ከግል ቀጠሮዎቹም ጥቂቶቹ በቪዲዮ ቢሆኑ፣ ሰባቱ ሰዓት አይጠፉም ነበር።

በክፍያ በኩል የምከፋበት የለም። ሜዲኬይድ ያላቸው ልጆች እስከ 21 ዓመታቸው ድረስ ሐኪም ያስፈልጋቸዋል ያለውን ምርመራና ሕክምና እንዲያገኙ ከ1967 ጀምሮ በሕግ ተደንግጓል፤ እኛም አንዲት ሳንቲም አልከፈልንም። በቡድናችን የነበሩ ኢንሹራንስ የሌላቸው ሁለት ቤተሰቦች በገቢያቸው ልክ ይከፍሉ ነበር፤ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ሁሉ በዚህ ሥርዓት የሚሠራ ስለሆነ፣ ኢንሹራንስ የለንም ብላችሁ አትቅሩ። ለአትክልቱ ዋጋም ባለሙያዋ በታኮማ ፓርክ ያለውን የክሮስሮድስ የገበሬዎች ገበያ ጠቆመችን፤ በፉድ ስታምፕ የሚገዛ ሰው በሚያወጣው ገንዘብ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያገኝበትን አሠራር ይዞ ከ2007 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ጎመንና ቃሪያ በበጋው ከዚያ ነው የገዛነው።

ውጤቱን ለሚጠይቁኝ፦ ስንጀምር ልጄ 9 ዓመት ከ6 ወሩ ነበር፤ ቁመቱ 4 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ክብደቱ 96 ፓውንድ። ከአሥር ወር በኋላ ቁመቱ 4 ጫማ ከ8 ኢንች፣ ክብደቱ 98 ፓውንድ ነው። ልጁ አልከሳም፤ ቁመቱ ክብደቱን ደረሰበት እንጂ። ከ95ኛው መስመር ጥቂት ዝቅ ብሏል፤ ስኳሩ ወደ ጤነኛው ልክ ተመልሷል፤ ማጅራቱ ገና ጠቆር ያለ ቢሆንም ሻካራነቱ ለስልሷል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ክብደቱ ባለበት መቆየቱ ብቻውን በቂ ሊሆን እንደሚችል ሐኪማችን ገና በመጀመሪያው ቀን ነግረውን ስለነበር ሚዛኑ ላይ 98 ሲታይ አልደነገጥንም፤ ሚዛንም ለቤታችን አልገዛንም።

ይህን ዓይነት አገልግሎት ለመጀመር የምታስቡ ወላጆች ሪፈራሉ ሲጻፍላችሁ በዚያው ቀን አስተርጓሚው በአካል እንዲሆን በጽሑፍ አስመዝግቡ፤ ምሽቶቹ ከመጀመራቸው በፊትም የሁሉንም ቀን ዝርዝር ተቀብላችሁ ለአሠሪዎቻችሁ አሳውቁ። የትሪያችሁን ፎቶ ሳትጠየቁ ይዛችሁ ሂዱ። አያት ቤት ውስጥ ካሉ በመጀመሪያው ወር ይዛችኋቸው ሂዱ፤ እኛ እስከ አራተኛው ወር መቆየታችን ጎድቶናል።

በመጨረሻው ቀጠሮ ያመለጡን ሰባት ሰዓቶች እንዲሟሉልን ለኃላፊዋ አመለከትኩ። በሚቀጥለው ዙር አራት የቅዳሜ ጠዋቶችን ለመሞከር ማሰባቸውን ነገረችኝና ስማችንን በዝርዝሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፈች፤ ከስማችን ጎንም «አማርኛ፣ በአካል» ብላ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።